ከሲልቪ ካርታ ላይ እኔን ሲቀንሱኝ

ለወንድሜ ለኤንሲዮ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው፣ ደረጃ መውጣት ቻልክ? ሳሉ ተወህ? ባለቤትህ ዶሪን ዓይኗን ከታከመች ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ችላለች ወይ? እናንተ አገር በጋው ገብቶ ሙቀቱ ሳይጀምር አይቀርምና ራስህን ሳትሸፍን ጓሮ አትውጣ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ የባሕሩ ዳር በረዶ መያዝ ጀምሯል፤ ከምሳ በኋላ መብራት ሳያበሩ ማንበብ አይቻልም።

አሁን ወደ እኅታችን ልምጣ። ባለፈው ስደውልልህ ሲልቪ ድምፄን ትሰማለች ብዬህ አልቅሰህ ነበር። ነገሩ ተለውጧል። በስልክ ብነግርህ ሁለታችንም እንቸኩላለን፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ። ቀስ ብለህ አንብበው። ሐኪሞቹ ከገና በፊት ተሰብስበው ሕክምናዋ ይቀጥል ወይስ ሥቃይ እንዳይኖርባት ብቻ ትጠበቅ የሚለውን ይወስናሉ፤ የእኔንና የአንተን ቃልም ይጠይቃሉ።

ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ዓይኗን ትከፍታለች እንጂ ማንንም አትከተልም። የሐኪም ቤቱ ተመራማሪ ካይሳ ሽቦ የበዛበት ቆብ ታደርግላትና፣ ፀጉር ቤት ፀጉር የሚያደርቁበትን በመሰለ ትልቅ መሣሪያ ሥር አስተኝታ የአንጎሏን ኤሌክትሪክና ማግኔት ትለካለች። ከዚያ የትኛው የአንጎል ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገር የሚያሳይ ካርታ ታወጣለች። እዚያ ክፍል ብረት አይገባም። ሰዓቴን፣ የፀጉር ማስያዣዬን፣ ዚፕ ያለውን ቀሚሴን ሳይቀር አስወለቁኝ። ነርሷ ሪትቫ፣ «መምህር አውኔ፣ አሁን የቀረው ጠባይዎ ነው፤ እሱም ብረት ስለሆነ በር ላይ ይተዉት» ብላ ሣቀችብኝ።

መሣሪያው ሥር ሳለች ያነበብኩላት የባሕር አየር ትንበያ ነው። አባባ ትንበያው ሲያልቅ ራዲዮኑን አጥፍቶ የባሕር ጣቢያዎቹን ስም እየጠራ የእያንዳንዱን ነፋስ ሲጠይቀን ታስታውሳለህ? አንተና እኔ ስንሻማ ሲልቪ ሁልጊዜ ቆይታ ነበር የምትመልሰው። «አንቺን ስንጠብቅ ነፋሱ ዞረ እኮ፣ የኔ ቀንድ አውጣ» ይላት ነበር። ተሳስታ ግን አታውቅም።

ልኬታው ሲያልቅ ካይሳ ካርታውን አሳየችኝ። «ኡቶ» ብዬ የጣቢያ ስም በጠራሁበት ጊዜ በርቷል። «ማርኬት» ባልኩበትም በርቷል። የአንጎሏ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። «እያዳመጠችዎት ነው መሰለኝ» አለችኝ። የደወልኩልህ ያን ቀን ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አስጠራችኝ። ያጠራጠራት ያው አብሮ መነሣቱ ነው። መልእክት ከአንዱ የአንጎል ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ ጥቂትም ቢሆን ጊዜ ይወስዳል። ሁሉም ቦታ በአንዲት ቅጽበት ከተነሣ ግን ንግግር ላይሆን ይችላል፤ አንድ ምንጭ በየቦታው እየፈሰሰ ይሆናል። አንድ ሰው መሐል ቤት ሆኖ ሲስል በግራም በቀኝም ግድግዳ ይሰማል፤ ያልገባው ሰው ሁለት ጎረቤቶች ያወራሉ ይላል። ካይሳ ምንጩን ስትፈልግ ከሲልቪ ራስ ውጭ፣ እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ አገኘችው። አፌን ራጅ አነሡኝ። ሰው ሠራሹን ጥርሴን የምትይዝ፣ እኔም የማላውቃት ቀጭን የብረት ችንካር ድዴ ውስጥ አለች። ስናገር አገጬ ይንቀሳቀሳል፣ እሷም ትንቀሳቀሳለች፣ መሣሪያው ደግሞ ይሰማታል። ኤንሲዮ፣ ያ ሁሉ ብርሃን የእኔ አፍ ነበር።

ካይሳ፣ «እርስዎን ከእሷ ላይ መቀነስ አለብኝ» አለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። በመጀመሪያ የአገጬን እንቅስቃሴ አወጣች፤ ቀጥሎ በአንድ ቅጽበት አብሮ የሚነሣውን ሁሉ አወጣች። መስመሮቹ ተራ በተራ ጠፉ። ሲልቪ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄድብኝ ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አልጋዋ ዘንድ ቀርቤ ስጠራት የሚመልስልኝ የራሴ ድምፅ ይመስለኛል። ፊቷ ላይ አንዳች ነገር ሽው ሲል እንኳ የእሷ ይሁን የእኔ መለየት አቃተኝ።

አንድ መስመር ግን አልጠፋም። ቀጭን ነው፤ ከጆሮዋ በላይ ተነሥቶ ወደ ግንባሯ ይሄዳል። የሚመጣውም የጣቢያ ስም ጠርቼ አፌን ከዘጋሁ በኋላ፣ ዘግይቶ ነው። ካይሳ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ አልምልልዎትም አለች። «ሲልቪ ድሮም ዘግይታ ነው የምትመልሰው» አልኳት። «መምህር፣ እርስዎ ስለወደዱት ብቻ እውነት ነው አልልም» አለችኝ። ተቆጣሁ፤ ሆኖም ልክ ናት። እኔም ለተማሪዎቼ ሌላ ነገር አልልም ነበር።

ከሐኪሞቹ ስብሰባ በፊት አንድ ልኬታ ይቀራል። እኔ አልገባም፤ ድምፅ ብቻ በጎማ ቱቦ ከውጭ ይገባላታል። ስለዚህ አንተ ጥራላት፤ የአባባን ድምፅ የወረስከው አንተ ነህ። የጣቢያዎቹን ስም ብቻ በድምፅህ ቅዳና ላክልኝ። ሰላምታ አትጨምርበት፤ አታልቅስበት። ከየስሙ በኋላ ረጅም ዝምታ ተው፤ እንደ ልጅነታችን አትሻማት። ያ መስመር ከጠፋ ዝምታው የራሷ ነውና ሕክምናው ይብቃ፣ ተዉአት እላቸዋለሁ። ካልጠፋ ግን ነፋሱን እየፈለገች ሊሆን ይችላል፤ ማንም እንዲያቋርጣት አልፈቅድም።

ዶሪንን ሳምልኝ። ልጅህን ግራንትን የላከው ሹራብ ልኬ ነው በልልኝ። የልጅ ልጅህ ትንሿ ኤስሜ የጻፈችልኝ ካርድ ደርሶኛል፤ ፊደሏ አምሯል፣ መስመሯ ግን ጠሟልና ታስተካክል። በሲልቪ ስም ሰላምታ አልልክልህም፤ እሷ ሳትለኝ ስለ እሷ አልናገርም።

እኅትህ አውኔ
ሄልሲንኪ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2012