ግራዝማች እህቴን ሲያስታጥቧት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፳፫ ቀን ፲፱፻፳፬ ዓ.ም.

እህቴ በላይነሽ ሐኪም ቤት በሽተኛ ማስታመም ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። እኔ ግን አራዳ ሱቄ ለሚመጣ ሁሉ «ልብስ ትሰፋለች» እላለሁ። የሰው ቁስል ታጥባለች ማለት አሳፍሮኝ ነው።

ዛሬ የጊዮርጊስ ማኅበር በጎረቤታችን በግራዝማች ቤት ነበር። እግራቸው ቆስሎ ወር ሙሉ ሐኪም ቤት ተኝተው ገና መውጣታቸው ነው። መሶቡ ሲቀርብ ሴቶቹ ከበላይነሽ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። አብረዋት መቁረስ ቀፏቸዋል። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ግራዝማች እያነከሱ ተነሡ። ማንቆርቆሪያውን ከባለቤታቸው ተቀብለው ከሁሉ በፊት በላይነሽ ዘንድ ሄዱ።

«ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ አያስታጥቡኝም!» አለች ደንግጣ።

«ዝም በይ ልጄ። የገዛ ልጆቼ ሸተተን ብለው ከደጅ ሲመለሱ ያጠበኝ ይህ እጅ ነው።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ እሷ ተጠጉ።

ግራዝማች እኔ ዘንድ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው፣ «ልብስ ትሰፋለች ያልከኝ ይህችን ነው?» አሉኝ። የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

በላይነሽ ሰምታለች። ተነሥታ ማንቆርቆሪያውን ተቀበለቻቸው፤ ራሷ አስታጠበችኝ።