ዋንዛው ላይ ያሰርኩት ቀይ ጨርቅ

ይርጋዬ፣ የልጄ አባት፣

ያቺ ወባ አንተን ከነጠቀችኝ እነሆ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤቱ ቆሟል። በረንዳውን ምስጥ በልቶት አስጠገንኩት፤ የመፍቻ ሳጥንህ አልጋው ሥር እንዳለ ነው፤ ትርሲት ዘንድሮ ሃያ ዓመት ሞላት። ስለ እኔ ብትጠይቅ ግን ዛሬ ደህና አይደለሁም። ልቤ ከቦታው የለም። የምጽፍልህም ከቤት ሆኜ አይደለም፤ ከአይከል ወዲህ፣ ዳገቱ መታጠፊያ ላይ ካለው ካንተ ዋንዛ ሥር ቁጭ ብዬ፣ የትርሲትን ደብተር ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ነው። ልጃችን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ባንተ የእግር መንገድ ወደ ታች ወርዳለች። ወደ መተማ የሚመለሰው የመጨረሻ አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚህ ያልፋል። አሁን ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው፤ እስካሁን አልወጡም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ለማንም ያልተናገርኩትን ላንተ ልናገር።

የኮኪት ሰው ሁሉ ሲስቅብህ ትዝ ይልሃል? ሰሊጡ ተራግፎ ትራክተሮቹ ሲቆሙ፣ የመካኒክ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ አንተ ዱላህን ይዘህ ወደ አውቶቡስ መቆሚያው ነው። ቲኬት ቆርጦ፣ ግማሽ ቀን ተንገጫግጮ፣ ወርዶ ደግሞ በእግሩ ተራራ የሚዞር ሰው ጤነኛ አይደለም ይሉ ነበር። እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ፣ አልደብቅህም። ጎርጎራ ይዘኸኝ እስክትሄድ ድረስ።

ጎርጎራን እንዴት እረሳለሁ! ከአዘዞ በሌላ መኪና ወርደን፣ ሐይቁን ዳር ዳሩን ስንሄድ ዋልን። እኔ የቆላ ልጅ፣ ከገንዳ ውኃ ወንዝ ሌላ ውኃ የማላውቅ፣ ጣናን ሳይ መሬቱ እዚያ ያለቀ መሰለኝ። ሣር በተንኮሻኮሸ ቁጥር ጉማሬ መጣ እያልኩ ክንድህን ቧጨርኩት። አንተ ሳቅ ብቻ! እግሬ ውኃ ቋጥሮ አልሄድም ስል አዝለህ መኪናው ድረስ አደረስከኝ፤ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ። ከዚያ ወዲህ ስቄብህ አላውቅም።

አሁን ወደዚያ ቀይ ጨርቅ ልምጣ። ትርሲትን ስወልድ ከድንበር ማዶ ከገላባት የገዛህልኝን ቀይ ቶብ፣ ያንን የሱዳን ሴቶች መከናነቢያ፣ እሳት ሲበላው፣ ከተረፈው ክንድ የሚያህል ቀድጄ ሰጠሁህ። ከዚህ ዋንዛ ስትወርድ ቅርንጫፉ ላይ ታስረዋለህ፣ ስትመለስ ትፈታዋለህ። ሹፌሮቹ ሁሉ ያውቁታል። ጨርቁ ካለ መካኒኩ ገና ታች ነው ማለት ነው፤ ሦስት ጊዜ ክላክስ አድርገው ይጠብቁሃል። ጨርቁ ከሌለ ሽው ብለው ያልፋሉ፣ ማን ይቆማል?

አንተ ስትሞት ጨርቁን የልብስ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ላብህ አለበት፣ የግራሶ ሽታህ አለበት። መንገዱም ተዘግቶ አውቶቡስ ስለቆመ ፈላጊ አልነበረውም። አሁን መንገዱ ሲከፈት ትርሲት አባቴ የሄደበትን ካልሄድኩ ብላ ተነሳች። አንተን ነው የወጣችው፣ ምን ላድርጋት? ትናንት ጨርቁን ስትጠይቀኝ፣ የት እንዳደረግኩት ጠፋኝ አልኳት። ዋሸኋት ይርጋዬ። ብትጥለውስ፣ ዝናብ ቢመታውስ፣ ሽታህ ቢለቅስ ብዬ ለአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ሳሳሁና ልጄን ባዶ እጇን ሰደድኳት።

ሸኝቻት ስመለስ ሳጥኑን ከፈትኩ። ጨርቁን አውጥቼ ያዝኩት። ዘንድሮ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከዚያ አውቶቡስ በኋላ በዚህ መንገድ መኪና አይታይም፣ ሰውም በጊዜ በሩን ይዘጋል። ጥሏቸው ቢያልፍስ? ስልኳን ብሞክር አይሠራም፤ ገደሉ ሥር ኔትወርክ የለም። ቤቱን ለጎረቤት አደራ ብዬ የተገኘው ሚኒባስ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ሰባት ሰዓት ላይ እዚህ ወርጄ አሰርኩት፣ በቋጠሮ ላይ ቋጠሮ። ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ቁልቁል ማፍጠጥ ነው። ቅጠል ሲነቃነቅ እነሱ ናቸው እላለሁ፤ ዝንጀሮ ይሆናል። አንዷ ተንሸራታ ይሆን? ምንጩ ጋ ሲደርሱ መንገድ ስተው ይሆን? ልውረድ እላለሁ፤ ደግሞ እኔ ስወርድ በሌላ በኩል ቢወጡስ? ስምንት ተኩል አለፈ። ዝም ብዬ ብቀመጥ ስለማብድ ነው የምጽፍልህ። አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ፣ እባክህን

መጣ። አውቶቡሱ ይሰማኛል።

አሁን አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ነው የምቀጥልልህ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ከመንገዱ ነው።

እጄን አወዛውዤ ላስቆም ስነሳ፣ ሹፌሩ እኔን ሳያዩ ጨርቁን አዩት መሰለኝ፣ አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሦስት ጊዜ ክላክስ። ልክ እንደ ድሮው! ሹፌሩ እኚያ ይህ ጉልበትህ መቼ ነው የሚያልቀው እያሉ የሚተርቡህ ሽበታሙ ሰውዬ ናቸው። እየሳቁ ወረዱ። ያ እብድ መካኒክ የት አለ፣ ዘንድሮም አልተወውም እንዴ እያሉ ቁልቁል ይፈልጉህ ጀመር። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ፣ ሞትህን ማን ይንገራቸው?

ይርጋዬ፣ ያኔ ሁለተኛ ቀበርኩህ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። ገባቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው የዋንዛውን ግንድ ይዘው ቆሙ። ልጅህ ታች እንዳለች ስነግራቸው ግን ዓይናቸውን ጠርገው ተመልሰው ገቡና ክላክሱን ያዙት። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ይመሻል፣ እንሂድ አለ። እሳቸው ማንንም አልሰሙም። ተጫኑት፣ ደግመው ተጫኑት፣ አሁንም ተጫኑት።

ከታች ፉጨት መለሰላቸው። ያንተ ፉጨት፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም። ትርሲት ናት! አቧራ ለብሳ፣ ፀጉሯ ላይ ሣር ተሰክቶ፣ ከሁሉም ቀድማ እየሮጠች ወጣች። አንዷ ጓደኛዋ እግሯ ወለም ብሏት ነው የቆዩት። ትርሲት ግን ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነበር፣ እኔን አላየችኝም። ክላክሱን ስትሰማ፣ ለቅጽበት ያህል፣ አባቴ እላይ ቆሞ ይጠብቀኛል ብላ እንደሮጠች ኋላ ነገረችኝ። አንተን ብላ ወጥታ እኔን አገኘች። መዋሸቴን ልነግራት አፌን ስከፍት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ አብረን አለቀስን።

ቋጠሮዎቼን አንድ በአንድ የፈታቻቸው እሷ ናት። አሁን አጠገቤ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ጨርቁ እጇ ላይ ተጠቅልሏል። ቀስ ብዬ አሸተትኩት። ግራሶው የለም፤ አቧራና የዋንዛ ቅጠል ብቻ ነው የሚሸተው። መጀመሪያ ላገኝህ ብዬ ደጋግሜ አሸተትኩት። ኋላ ትዝ አለኝ፤ አንተም ከዚህ ስትመለስ እንዲህ ነበር የምትሸተው።

ከእንግዲህ ሳጥን አልቆልፍብህም። ጨርቁ የትርሲት ነው። ስትወርድ አብሬያት እወርዳለሁ፤ ጉልበቴ እምቢ ካለ ዋንዛው ሥር ሆኜ እጠብቃታለሁ። አውቶቡሱ ሦስት ጊዜ በጮኸ ቁጥር፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ስምህን የሚጠራ ሰው እዚያ አለ።

የትርሲት እናት