ቆርቆሯቸውን ያወረድንባቸው ሦስት ቤቶች

ማክሰኞ

መጡብኝ። ፊቱ የቀላ የጣሊያን ጸሐፊና ያ አስተርጓሚ ተብዬ። አዳዲሶቹን ሦስት ቤቶቼን በዘንግ እየነኩ ቆጠሩ። ግብር! ገዢ ላላገኘ፣ ሰው ላላደረበት፣ ጭቃው በወጉ ላልደረቀ ቤት ግብር ክፈል ተባልኩ። “ጣሪያ ካለው ቤት ነው፤ ተሸጠ አልተሸጠ አያገባንም” አለኝ አስተርጓሚው። ትናንት ገበያ ላይ ቅቤ ሲቸረችር የነበረ ሰው ዛሬ አፍንጫውን ነፍቶ ያናግረኛል። እስከ ዓርብ ካልከፈልኩ ቤቶቹ የወታደር ማደሪያ ይሆናሉ።

ማን ይግዛቸው? የይርጋጨፌው ቡና ነጋዴ “ጊዜው ይለይለትና እናያለን” ብሎኝ በቅሎውን አዞረ። ፈሪ።

ባለቤቴ ደስታ ባዶ አንገቷን ዳበሰች። የአንገቷን ወርቅ ሸጠን ነው የጣሪያውን ቆርቆሮ የገዛነው።

ረቡዕ

ያለኝ መንገድ፦
መለማመጥ፤ ሞቼ ነው።
ጉቦ፤ ያ ቅቤ ቸርቻሪ የእኔን አይበላትም።
መሸጥ፤ ለማን?

ቁርስ ላይ ደስታ ድንገት “ጣሪያ ካለው ነው አይደል ያሉህ? አውርደዋ” አለች። ሳቅሁባት። ከሰዓት በኋላ መሰላል ልዋስ ወጣሁ።

ግን ሚያዝያ ነው። የዲላ ዝናብ ራቁቱን የቆመ የጭቃ ግድግዳ ካገኘ አይምርም።

ሐሙስ

ቆርቆሮው ወርዶ ከአልጋችን ሥር ገብቷል። ጎረቤታችን በራሶ ሳይጠራ መጣ፤ ጌዴኦ ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል። የእንሰት ቅጠል ተሸክሟል። “የቤቱን ራስ አልብሰው። እንዲሁ ከተውከው ዝናብ ትበላዋለች” አለኝ። የእሱ ቤት ራሱ ከቀርከሃና ከቅጠል የተሠራ ነው።

ሁለቱን ቤቶች እሱ አለበሰ። ከታች ከጠርዙ ይጀምርና እየደራረበ ወደ ላይ ይወጣል፤ እንደ ሽማግሌ እየተንቀራፈፈ። ሦስተኛውን እኔው ከላይ ጀምሬ ወደ ታች ቶሎ ጨረስኩት። “ከታች ነው” አለኝ። ቅጠል መደርደር ደግሞ ምን ትምህርት ይፈልጋል?

ግን ነገ ይህንንም ጣሪያ ነው ቢሉስ?

ዓርብ

ያ ከንቱ አስተርጓሚ ገና ሲገባ ቅጠሉን እየጎተተ “ይኸውና ጣሪያ!” አለ። ደስታ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ጸሐፊው አንጋጦ አየና ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አስተርጓሚው ቅር እያለው ተረጎመ፦ “ይህ የፍየል መጠለያ እንጂ ቤት አይደለም፤ ሰው እዚህ ውስጥ አይኖርም ነው የሚሉት።” ስሜን ከመዝገቡ ሰርዘው ሄዱ። ንቀታቸው አዳነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

በራሶ አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። “ያን ደንቆሮ ጣሊያን አትስማው” አልኩት።

“እኔ ለምጄዋለሁ” አለ። “አንተም ቆርቆሮ ያስመታህ ቀን እንደዚህ ብለሃል።”

ብያለሁ። ያን ቀን ከግንበኞቹ ጋር ቆሜ፣ ወደ ቤቱ እየጠቆምኩ፣ ጮክ ብዬ። እንደማይሰማ ነበር የቆጠርኩት። ደስታ አየችኝና ፊቷን አዞረች። ጣሊያኑን ስሰድብ ሰነበትኩ፤ ለካ እኔም ከእሱ አልሻልም።

ቅዳሜ

ሲዘንብ አደረ። በራሶ ያለበሳቸው ሁለቱ ቤቶች ውስጣቸው ደረቅ ነው። የእኔው ጉድ ግን የላይኛው ቅጠል ከታችኛው ሥር ስለገባ ውኃውን ወደ ውስጥ ሲያፈስ አድሮ የጓሮው ግድግዳ ተንዷል።

ስደርስ በራሶ ቀድሞኝ ጭቃ እየረገጠ ነው። አዲስ ቅጠልም ቆርጦ ከምሯል። ቆርቆሮው መቼ እንደሚመለስ፣ ቤቶቹን ማን እንደሚገዛቸው አላውቅም። ጫማዬን አወለቅሁና ጭቃው ውስጥ ገባሁ።

“አያ በራሶ፣ ቅጠሉን ከየት ልጀምር?” አልኩት። አያ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። “ከታች” አለ።