ሁለት ሰው ይየው፦ የዶክተር የአለምወርቅ ለገሠ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር የአለምወርቅ ለገሠ ከአባታቸው ከመምህር ለገሠ ኤርጃቦ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ ሀብቴ በ1963 ዓ.ም. በሆሳዕና ከተማ ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ከተመረቁ በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ደቡብ አፍሪካ መጡ። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያኔ ነው።

ሥራቸው ዓሣ ነባሪዎችን በመልክ መለየት ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ባልደረቦቻቸው በደቡቡ ጠረፍ በሄሊኮፕተር እየበረሩ ፎቶ ያነሣሉ። በእንስሳቱ ራስ ላይ ያለው ሻካራ ነጭ ቆዳ በእያንዳንዱ ላይ የተለየ ነውና፣ እሳቸው ጆሃንስበርግ ቁጭ ብለው ፎቶውን ከቀድሞው ጋር እያስተያዩ የትኛዋ እንደወለደች፣ የትኛዋ እንደቀረች ይናገሩ ነበር። ዘመድ አዝማድም «ባሕር በሌለበት ከተማ የዓሣ ነባሪ ቀበሌ ከፈተች» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። የማይጥሱት ሕግ ነበራቸው፤ በአንድ ምልክት ብቻ አይፈረድም፣ ሁለት ሰው ለየብቻው ሳያይም ስም አይሰጥም።

በ1994 ዓ.ም. ከአቶ አምሃ ተሰማ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ልጃቸውን ሊናን ወለዱ።

ጥር 2013 ዓ.ም.ን ዝም ብለን ብናልፈው ደስ ባለን ነበር፤ እሳቸው ግን እንዲነበብ አደራ ብለዋል። ወረርሽኙ በበረታበት በዚያ ወር ታናሽ ወንድማቸው አቢሶ ሆስፒታል ተኛ፤ ጠያቂ አይገባም ነበር። አንድ ማለዳ ማረፉ በስልክ ተነገራቸውና አስከሬኑን እንዲለዩ ፎቶ ተላከላቸው። ፊቱ አብጧል፣ የኦክስጅን ጭንብሉ አፍንጫውን አቁስሎታል፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ግን እንደ አቢሶ ጠባሳ አለ። ሁለተኛ ሰው ማየት ነበረበት። ያን ፊት ከሁሉ የምታውቀው ሚስቱ በቀለች ነበረች፤ ነገር ግን መርዶዋን በሽማግሌ ሳትረዳ ለሚስት የባሏን አስከሬን ማሳየት ነውር ነው። ብቻቸውን አይተው «እሱ ነው» አሉ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎች ማስክ እንዳደረጉ ካትሌሆንግ ከተባለው የከተማው ዳር ሰፈር፣ በቀለች ስፓዛ የሚባለውን የጉሊት ያህል ትንሽ ሱቋን ከምትሠራበት ግቢ ደርሰው አረዷት። በሦስተኛው ቀን በለቅሶው መሃል ስልኳ ጮኸ። አቢሶ በነርሷ ስልክ ነበር፦ «በቄ፣ ምነው ጠፋሽ? ስልኬ ሞቷል፣ ቻርጀሬን ላኪልኝ እንጂ!» አልቃሹ ሁሉ ነጠላውን እየጣለ ተበተነ።

ሌላው ሲስቅ ዶክተር የአለምወርቅ አልሳቁም። የሞተው በአጠገቡ አልጋ የነበረው የዛንድስፕሩት ሰፈር ነጋዴ ሚስባህ ከቢር ነበር። በሃይማኖቱ ወዲያው መቀበር ሲገባው፣ በሰው ስም ማቀዝቀዣ ውስጥ ከርሟል። ሄደው ከባለቤቱ ከራውዳ እግር ላይ ወደቁ። እሷም «እቴ፣ ለልጆቼ ‹ባባ እየተሻለው ነው› እያልኩ ነበር። ከእንግዲህ እኔን ምን ብለው ያምኑኛል?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ለአንድም ዓሣ ነባሪ ስም አልሰጡም፤ አቢሶ ሊጠይቃቸው ሲመጣም አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያነጋግሩት። እጅግ አፍረው ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ በዚሁ በሽታ ታመው ነሐሴ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸውን ሁለት ሰው ለየብቻው እንዲያየው፣ አንዱም አቢሶ እንዲሆን ተናዝዘው ነበር። ሊና ገብታ ወጣች። ቀጥሎ አቢሶ ገባ። ፊታቸው አብጦ ነበርና ጆሯቸውን፣ ጣታቸውን፣ በልጅነታቸው ፍል ውኃ ያቃጠለውን ክንዳቸውን አየ። ወጥቶም «እህቴ ናት» አለ። ከጥር ወዲህ አንገታቸውን ሳይደፉ ፊታቸውን ያየው ያን ዕለት ነው።

ባለቤታቸው አቶ አምሃ፣ ልጃቸው ሊና፣ እንዲሁም በእሳቸው ቃል ሞቶ የነበረውና ይህን የጻፈው ወንድማቸው አቢሶ በሐዘን ቀርተዋል።

አምላክ ሆይ፣ አንተ ለመለየት ሁለተኛ ሰው አያሻህም። ሚስባህንም እህታችንንም በየስማቸው ታውቃቸዋለህና በምሕረትህ አሳርፋቸው። አሜን።