ቦርሳው የማን ነው?

ውድ ወንድሜ በረዶ፣

ፍሪጅ ስለምትጠግን ሰፈሩ ባወጣልህ ስም የምጽፍልህ፣ እማዬ እውነተኛ ስምህን ስትጠራ እንባ ስለሚቀድመኝ ነው።

ያን ቀን የሆነውን እስከ መጨረሻው አላየኸውም፤ ልንገርህ። እንደ ልማድህ ቦርሳህን ደረጃው ላይ፣ ከደንበኛህ በር ውጭ አስቀመጥክ። በዘይት የጨቀየ ዕቃ ሰው ቤት ይዞ መግባት ነውር ነው ብላ ያሳደገችን እማዬ ናት። አንተም መፍቻህን ብቻ ይዘህ ትገባለህ፤ ጆሮህን ፍሪጁ ላይ ለጥፈህ በሽታውን ታውቃለህ፤ ከዚያ ለቦርሳህ ትመለሳለህ።

አንዲት የታችኛው ፎቅ ሴትዮ በዚያ ስታልፍ ቱቦውን፣ ሽቦውንና የጋዝ ሲሊንደሩን አየች። ገበያው ላይ ፍንዳታ ከደረሰ ወዲህ ሬዲዮው ጠዋት ማታ "ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ካያችሁ አትንኩ፣ አትጠጉ፣ ደውሉ" ይላል። ደወለች። አንተ ቦርሳህን ልትወስድ ስትወጣ ታጣቂ ፖሊሶች ደርሰው ነበር። "ቁም" አሉህ። "ቦርሳዬ ነው" ብለህ እጅህን ዘረጋህ።

ዜናው "ተጠርጣሪ ተገደለ" አለ። በሳምንቱ ፖሊሶቹ የፍሪጅ ጋዝ መሆኑን አረጋገጡ፤ "ተጠርጣሪ" ያሉህን ግን አላረሙም። እማዬ ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተት አንዱ ኃላፊ አዝኖላት ነው መሰል እውነቱን ነገራት፦ "እናቴ፣ ሕዝቡ ፈርቷል። ዛሬ ተሳስተናል ብንል ነገ ማን ይደውልልናል?"

ሴትዮዋም ለቅሶ ልትደርስ መጣች። እማዬ አልተቆጣቻትም። "የማን ነው ብለሽ አልጠየቅሽም?" ብቻ አለቻት። ሴትዮዋ አትጠጉ ተብለን ነበር ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ አንድ የፖሊስ አሰልጣኝ ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ስናይ የምናደርገውን ሊያለማምደን ትምህርት ቤታችን መጣ። የክፍል ኃላፊያችን ከፈለግህ ወደ ቤት ሂድ ብላኝ ነበር፤ አልሄድኩም። ሰውየው ኮሪደሩ መሃል ቦርሳ አስቀምጦ ግድግዳ ጥግ አሰለፈንና ማን ቶሎ እንደሚደውል ሊያይ በስልኩ ሰዓት መያዝ ጀመረ። የኋላ ወንበሩ ቀልደኛ "የሒሳብ ደብተሬ ከሆነ ይፈንዳ ተዉት" ሲል ሁሉም ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ እግሬ ከሰልፉ ወጣ።

በረዶ፣ ቦርሳው ጋ ሳልደርስ ቆምኩ። ልምምድ መሆኑን እያወቅሁ፣ ያንተ ወንድም ሆኜ፣ ቦርሳ ፈራሁ። እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ሴትዮዋን ልጠላት በሞከርኩ ቁጥር ያ ፍርሃቴ ትዝ ይለኛል።

"የማን ነው?" አልኩ። አሰልጣኙ ተመለስ፣ ልምምዱን እያበላሸህ ነው አለኝ።

"የማን ነው?" አልኩ ደግሜ።

ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የኔ ነው" አለ።

አንስቼ ሰጠሁት። ውስጡ የምሳ ዕቃው ተንኳኳ።

ሰኞ ወላጅ አምጣ ተብያለሁ። ሊያባርሩኝም ይችላሉ። እማዬ ስትሰማ የመለሱልንን ያንተን ቦርሳ ከአልጋ ሥር አውጥታ መወልወል ጀመረች። ዘይቱ አልለቅ ብሏል። እኔ አነግተዋለሁ፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስንደርስ ግን በር ላይ አንተወውም። ይዘነው እንገባለን።

ከእማዬ ጋር በተጣላህ ቁጥር ላንተ ስለምከራከር "ጠበቃዬ" ትለኝ አልነበር?

አሁንም ጠበቃህ ነኝ፤
ታናሽ ወንድምህ