ስሕተታቸውን ያልሰረዙት መምህር፦ የዶክተር ዳኘው ሀብተ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ (1957–2017 ዓ.ም.)

ዶክተር ዳኘው ከአባታቸው ከአቶ ሀብተ ሥላሴ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፅጌ ማርያም ዓለሙ መጋቢት 3 ቀን 1957 ዓ.ም. በእንፍራንዝ ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው፣ ሁለተኛ ደረጃን በጎንደር ከተማ አጠናቀቁ። በ1980 ዓ.ም. በባዮሎጂ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ።

የመጀመሪያ ሥራቸው በጎርጎራ መምህርነት ነበር። ቅዳሜና እሑድ ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ታንኳ ላይ ይውሉ ነበር፤ የተያዘውን ዓሣ ሆድ ቀደው ምን እንደበላ ካላዩ ወደ ቤት አይመለሱም። በ1985 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ተዛውረው ፔዳ በሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ግቢ ማስተማር ጀመሩ። በ1987 ዓ.ም. በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ከነበሩት ከወይዘሮ አገርነሽ በላይ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ቴዎድሮስን እና ሀናን፣ እኛ ቴዎና ሀኒ የምንላቸውን፣ ወለዱ። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በጣና ዓሣዎች ላይ ሠርተው በ1999 ዓ.ም. ተቀበሉ።

በ2003 ዓ.ም. ጦማር ከፈቱ፤ ኋላም ወደ ፌስቡክ ተሻገሩ። ይህን ታሪክ የጻፈችው የእኅታቸው ልጅ እናትዓለም ፎቶ እንዴት እንደሚለጠፍ ሃያ ጊዜ አሳይታቸዋለች፤ ሃያ አንደኛውንም ጠይቀዋታል። በአንዲት ጣት ነበር የሚጽፉት። የሚጽፉትን ሁሉ መጀመሪያ የሚያነቡት ወይዘሮ አገርነሽ ናቸው፤ እሳቸው «ይሄ አልገባኝም» ያሉት ዓረፍተ ነገር አይወጣም። ፋብሪካ ውስጥ እንከን ያለበትን ጨርቅ ሲመልሱ የኖሩ ሰው በመሆናቸው የባለቤታቸውን ጽሑፍ ለመመለስም አላመነቱም። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን ዶክተር ሆኖ ፌስቡክ ላይ መዋል ምን የሚሉት ነው እያሉ አሟቸው። ለማዕረግ እድገት የሚቆጠረው በመጽሔት የታተመ ጥናት እንጂ ለአስጋሪ የተጻፈ ማስታወሻ አልነበረም።

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የሆነውን ቤተ ሰቡ ሳይሸፍን እንዲነገር ይፈልጋል፤ የሚኮራበት እሱ ነውና። ዶክተር ዳኘው አስጋሪዎች ነጭ አሣ የሚሉት የጣና ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዝ ሲወጣ ለማየት ከተማሪዎቻቸው ጋር ወደ ጎርጎራ አካባቢ ሊሄዱ ተዘጋጁ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ዝናቡ ጋብ እስኪል ጠብቀው ሄዱ። መረባቸው ባዶ ወጣ። በመስከረም ወር «ነጭ አሣው ይህን ወንዝ ትቶታል» ብለው ጻፉ፤ ጽሑፉንም ብዙ ሰው ተቀባበለው። ያው ግኝት የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ያስገኝላቸዋል የተባለው ጥናት ዋና ነጥብ ሆኖ በአንድ መጽሔት ተቀባይነት አገኘ፤ የቀረው መታተሙ ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከአቶ አሕመድ መስዑድ የድምፅ መልእክት ደረሳቸው። አቶ አሕመድ ዶክተር ዳኘው በጎርጎራ ስድስተኛ ክፍል ያስተማሯቸው፣ በኋላ ዓሣ አስጋሪና ታንኳ ሠሪ የሆኑ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ የመጡት ውሃው ከጠራ በኋላ ነው» አሉ። «ነጭ አሣ የሚወጣው ወንዙ ደፍርሶ ሳለ ነው። እኔ ሃያ ክረምት ቆሜ ጠበቅሁት፤ አንድም ዓመት አልቀረም።»

ዶክተር ዳኘው መልእክቱን ደጋግመው ሰሙት። ወዳጆቻቸው ጽሑፉን ቀስ ብለው አጥፍተው ዝም እንዲሉ፣ ጥናቱ ግን እንዲታተም መከሯቸው። እሳቸው ጥናቱን ከመጽሔቱ አስመለሱ። የፌስቡኩን ጽሑፍ እንዳለ ትተው ከአናቱ ላይ ይህን ጨመሩ፦ «ከዚህ በታች የጻፍሁት ስሕተት ነው። ያረሙኝ የጎርጎራው ዓሣ አስጋሪ አቶ አሕመድ መስዑድ ናቸው።» እስከ ዛሬ አለ፤ የፈለገ ያነበዋል። ማዕረጉ ቀረ። ወይዘሮ አገርነሽ ያን ዕለት ጽሑፉን አንብበው እንዲህ ግልጽ አድርገው ጽፈው አያውቁም እንዳሏቸው ለልጆቻቸው ነግረዋል።

በተከታዩ ክረምት ጭቃውን ረግጠው ሄዱ፤ በአቶ አሕመድ ቤት ዘጠኝ ቀን ተቀምጠው ነጭ አሣው በደፈረሰ ውሃ ሲወጣ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ የአስጋሪዎችን የቴሌግራም ቡድን መሠረቱ፤ ለእያንዳንዱ አባልም የልብስ ሰፊ ሜትር ሰጡ። አባላቱ የያዙትን ዓሣ ከሜትሩ ጎን አጋድመው ፎቶ አንሥተው፣ ቦታውንና የውሃውን ሁኔታ ጨምረው ይልካሉ። የቡድኑ ሕግ አንድ ነበር፦ ከዓሣ በቀር ምንም አይለጠፍም። የገና ካርድም የዒድ ካርድም እሳቸው ራሳቸው ያጠፉ ነበር፤ በዚህ ያልተቀየማቸው የለም። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት አስጋሪዎቹ በደብተር እየመዘገቡ አቆይተው፣ ሲከፈት አንድም ሳያጓድሉ ላኩ። የመዝገቡን ውጤት ራሳቸው ካዩ በኋላም ዓሣው እንቁላሉን እንዲጥል ወንዝ በሚደፈርስበት ሰሞን መረባቸውን ከወንዝ አፍ ለማውጣት ተስማሙ። ጥናቱ በአቶ አሕመድ ስም ጭምር ታትሞ፣ ዶክተር ዳኘው በ2015 ዓ.ም. ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። ለወጣት መምህራን ሥልጠና ሲሰጡም ያገኛችሁትን ጉዳዩ በሚነካው ሰው ቋንቋ ጻፉ፣ ለአስተያየቱ መልስ ሳትሰጡ አትደሩ፣ ስትታረሙም በተሳሳታችሁበት ቦታ ተናገሩ ይሏቸው ነበር።

ተባባሪ ፕሮፌሰር ዶክተር ዳኘው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አገርነሽን፣ ሁለት ልጆችንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተው አልፈዋል።

ሀኒ የአባቷን ማረፍ በፌስቡክ ገጻቸው አስታወቀች። ቡድኑ ውስጥ ግን የሐዘን መግለጫ አንድም ሰው አልለጠፈም፤ ሕጋቸውን አከበሩ። በምትኩ ያን ዕለት አርባ አንድ ዓሣ አስጋሪዎች አርባ አንድ ዓሣ ለክተው ላኩ። የመጨረሻው የአቶ አሕመድ የድምፅ መልእክት ነው፤ እንዲህ ይላል፦ «ጎርጎራ። ነጭ አሣ፣ ሠላሳ አራት ሳንቲ ሜትር። ውሃው ደፍርሷል። መረባችንን ከወንዙ አፍ አውጥተናል፣ ጋሼ።»

ባሕርንና በውስጧ ያለውን ሁሉ የፈጠረ አምላክ የአገልጋዩን ነፍስ በቅዱሳኑ ዕረፍት ይቀበል፤ ለቤተ ሰባቸው፣ ለተማሪዎቻቸውና በሐይቁ ዳር ለሚያዝኑላቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። አሜን።