በመናኸሪያው በር ላይ ስላልተሠሩት ስድሳ ቤቶች

ለተከበሩ አቶ ማዕረግ አወቀ
የከተማችን ማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ

አቶ ማዕረግ፣ በአዲሱ መናኸሪያ በር ላይ ሊሠሩ ታቅደው ለቀሩት ስድሳ ቤቶች ተጠያቂው እርስዎ ነዎት ብዬ ከመጀመሬ በፊት፣ ስለ ጤናዎ መጠየቅ ይገባኛል። የዘንድሮው ውርጭ እንዴት ይዞዎታል? መኖሪያዎ ከቢሮዎ ጋር አጥር ለአጥር ስለሆነ ብርዱ ብዙም እንደማያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እግዚአብሔር ከዚህ የራቀ መንገድ አያስሂድዎ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማይወድ ብዙ ጊዜ ተነግሮኛል።

፩. ቦታውን በቆርቆሮ አጥረው ስላቆዩልን እናመሰግናለን። ባለ አራት ፎቅ ቤት ሊቆምበት በነበረው መሬት ላይ አሁን ሰባት በጎች ይግጣሉ። ከመናኸሪያው በር እስከ በጎቹ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። በከተማችን ለአውቶቡስ ይህን ያህል ቅርብ የሆነ ነዋሪ የለም። በጎቹ ግን አውቶቡስ ላይ የሚወጡት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለፋሲካ ነው፤ እሱም መመለሻ የለውም።

፪. ቤቶቹ እንዳይሠሩ ያቀረብነውን አቤቱታ ጠዋት ተቀብለው እስከ ምሳ ሰዓት ስለወሰኑልን እናመሰግናለን። ለአንዲት የቧንቧ መስመር ሦስት ዓመት ያስጠበቀን መሥሪያ ቤት እንዲህ መፍጠን እንደሚችል አናውቅም ነበር። የእድራችን አርባ ሦስት ሴቶች፣ ፎቁ ገብስ የምናሰጣበትን ፀሐይ ይከልለናል ብለን ነበር። ቦታው ከሰፈራችን በስተምዕራብ ስለሆነ ጥላው የሚደርሰን ወደ ማታ፣ ገብሱ ከተነሣ በኋላ ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልግም፤ ከቢሮ ወጥቶ ቀና ማለት ይበቃል።

፫. ይህን ሦስተኛውን ለመጻፍ ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ያን አቤቱታ ሳይጠይቁ ያመኑት እርስዎ ቢሆኑም፣ ሰዎቹን ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ።

የቤቶቹን ዕቅድ የያዘው ወረቀት ወደ እድራችን ሲላክ፣ ከእርስዎ ዘንድ የሚያስረዳ ሰው አብሮ አልመጣም። እድራችን የአሮጊቶች እድር ነው። እኔ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ስለቆጠርኩ እንዳነብ ተመረጥኩ። በእኛ ዘንድ አንባቢ ቆሞ ያነባል፤ የተቀመጠ ሰው ድገሚው አይልም፤ አንባቢዋን መጠርጠር ስለሆነ ነውር ነው። በአራተኛው ገጽ ላይ፣ ከቤቶቹ እኩሌታው በየሰው ጓሮ ተከራይተው ለሚኖሩ፣ በተለይም በመናኸሪያው ለሚሠሩ እንደሚሰጥ ተጽፎ ነበር። ያን ገጽ ከሦስተኛው ጋር ደርቤ ገለበጥኩት። ጎረቤቴ የትምወርቅ ብቻ ነውሩን ደፍራ ጠየቀችኝ።

«ጌታነሽ፣ ስለ ተከራዮቹስ ምንም አይልም?»

«አይልም» አልኳት።

አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ አቤቱታው ላይ ከሁሉ ቀድማ አተመች።

በጓሮዬ ብርነሽ የምትባል የመናኸሪያው ቲኬት ቆራጭ፣ ከትንሽ ልጇ ከትሕትና ጋር አምስት ዓመት ተከራይታ ኖራለች። ቤት ከደረሳት ትታኝ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ግቢው ውስጥ የሰው ድምፅ የምሰማው በእነሱ ብቻ ነበር። ስለ ገብሱ ያልኩት ሁሉ ይህን ለመሸፈን ያልኩት ነው።

እርስዎም ውለታ አያልቅብዎትምና፣ ባለፈው ግንቦት ወደ መናኸሪያው የሚወስደውን መንገድ ሲያሰፉ ያንኑ የጓሮ ክፍል አፈረሱት። በአቅራቢያው የሚከራይ ቤት ስላልተገኘ ብርነሽ ከወንዙ ማዶ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቃ ገባች። የመጀመሪያው አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ስለሚነሣ፣ ልጇን አዝላ በውርጭ ትመጣለች። የትሕትና ሳል ከጥቅምት ወዲህ አልለቀቃትም። ብርነሽም በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ስላረፈደች፣ ከደገመች እንደምትሰናበት በጽሑፍ ተነግሯታል። ወረቀቱን ያነበበችልኝ እየሳቀች ነው፤ አንድም መስመር አልዘለለችም።

ባለፈው እሑድ በእድሩ ፊት ቆሜ አራተኛውን ገጽ አነበብኩ። ሠላሳ አንድ ሴቶች ተቃውሟቸውን አንሥተው ከእኔ ፊርማ ጋር ከዚህ ደብዳቤ በታች አትመዋል። የቀሩት የማነበውን መስማት ትተዋል፤ አልፈርድባቸውም። የትምወርቅ ብታትምም ሰላምታ አትሰጠኝም። ውሸታችንን በአንድ ጠዋት የተቀበለ ቢሮ፣ እውነቱን ለመቀበል ሌላ አንድ ጠዋት እንደማያጣ በማመን፣ የቤቶቹ ሥራ እንዲጀመር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የፍጥነትዎ አድናቂ፣ የዝምታዎ ታጋሽ፣ የጥፋትዎም እኩል ተካፋይ፣
ጌታነሽ ፈንታ

ማስታወሻ፦ ለበላይ አካል በላኩት ሪፖርት ቤቶቹ የቀሩት «በእናቶች ፍላጎት» ነው ብለው መጻፍዎን ሰምቻለሁ። ስለ እናትነት ማንም ከእርስዎም ሆነ ከእኔ የሚማረው ነገር የለም። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በቲኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ። ብርነሽ ነገ ጠዋት መስኮቱን ስትከፍት ታነበዋለች፤ በአፌ ልነግራት አልቻልኩም። ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀኝ ልጄ ናት እል ነበር። ከእንግዲህ አልልም።